የጣሪያችን ዝናብ የት ይሄዳል? ተፋሰስን በሁሉም የትምህርት ዓይነት ለማስተማር የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ስለ ውሃ የማያስተምር የሁለተኛ ደረጃ መምህር የለም ማለት ይቻላል። ጂኦግራፊ ላይ የውሃ ዑደት አለ። ኬሚስትሪ ላይ ኤች ቱ ኦ፣ ባዮሎጂ ላይ ሥነ ምህዳር፣ ፊዚክስ ላይ ፍሰትና ግፊት፣ ታሪክ ላይ ደግሞ በወንዝ ዳር የተወለዱ ሥልጣኔዎች አሉ። ተማሪው ይህን ሁሉ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ጥሩ ውጤትም አምጥቶ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚያልፈው ቦይ ውሃውን ወዴት እንደሚወስደው ብትጠይቁት ግን ዝም ይላል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

ችግሩ የእውቀት ማነስ አይመስለኝም። እውቀቱ በየክፍለ ጊዜው ተበጣጥሶ ስለሚሰጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሞከረው መፍትሔ ደግሞ "የውሃ ሳምንት" ማዘጋጀት ነው። ሁሉም መምህር በየፊናው ስለ ውሃ ያወራል። ልጆቹ በሦስተኛው ቀን "ይሄንንማ ጨርሰነዋል" ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

የሚሠራው ሌላ ነው። አንዱ ክፍል ያገኘው ውጤት ለሚቀጥለው ክፍል ጥሬ ዕቃ መሆን አለበት። ጂኦግራፊ የሠራውን ካርታ ሂሳብ ይቀበላል፣ ሂሳብ ያወጣውን ቁጥር ፊዚክስ ወንዝ ዳር ወርዶ ይፈትነዋል፣ ባዮሎጂ ያገኘውን ነገር ሲቪክስ ይከራከርበታል። ቅብብሎሽ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ቅብብሎሽ እንዴት እንደምታስኬዱት ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ጥያቄና አንድ ቦታ ምረጡ

ጥያቄው ቀላል ይሁን። "በትምህርት ቤታችን ጣሪያ ላይ የወረደው ዝናብ የት ይሄዳል? በመንገዱስ ላይ ምን ያጋጥመዋል?" ይበቃል።

ተፋሰስ ማለት የወረደው ዝናብ ተሰብስቦ በአንድ መውጫ በኩል የሚያልፍበት የመሬት ክልል ነው። በዚህ ትርጉም ጣሪያም ተፋሰስ ነው፤ መውጫው አሸንዳው ነው። የአማዞን ተፋሰስ 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፣ ሐሳቡ ግን ከጣሪያው ጋር አንድ ነው። ከጣሪያው ጀምሩ። ልጁ አሸንዳው ሥር ቆሞ ያየውን ነገር አይረሳውም።

ቦታው በእግር ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት በላይ የማይፈጅ ይሁን። "እኛ ጋ ወንዝ የለም" የሚል መምህር ሁልጊዜ ይኖራል። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይበቃል። በበጋ የደረቀ ቦይም ይሠራል፤ እንዲያውም ደረቅ ቦይ ብዙ ይናገራል። ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ገለባና ፌስታል ጎርፉ እስከየት ከፍ ብሎ እንደነበር ያሳያል። ትልልቅ ድንጋይ ያለበት ቦታ ውሃው በኃይል የወረደበት ነው። ደቃቅ አሸዋና ደለል የተኛበት ደግሞ ውሃው የደከመበት።

ምንም ነገር ከማስተማራችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ተማሪ ባዶ ወረቀት ስጡ። የጣሪያው ዝናብ የሚሄድበትን መንገድ ይሳሉ። አትርዷቸው፣ አታርሙ። ወረቀቶቹን ሰብስባችሁ አስቀምጡ፤ መጨረሻ ላይ ትፈልጓቸዋላችሁ።

ደረጃ 2፦ መምህራኑን አሰባስቡ፣ ግን በጥቂቱ

አሥር መምህር አትጥሩ። ለመጀመሪያው ዙር ሦስት ወይም አራት በቂ ነው። ጂኦግራፊ፣ ሂሳብና ባዮሎጂ ጥሩ መነሻ ናቸው።

ስትጠይቁ "አዲስ ምዕራፍ ጨምሩ" አትበሉ፤ ማንም ጊዜ የለውም። "በእነዚህ ስድስት ሳምንታት የትኛው ምዕራፍ ላይ ናችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሂሳብ መምህሩ ስፋትና ይዘት ላይ ከሆነ፣ ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ የጣሪያውን ስፋት ይውሰድ። የኬሚስትሪ መምህሯ አሲድና ቤዝ ላይ ከሆነች፣ ናሙናው የቦዩ ውሃ ይሁን። ምዕራፉ አይለወጥም፣ የሚለወጠው ምሳሌው ነው።

ከዚያ አንድ ትልቅ ወረቀት የመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ፊት ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ከማን ምን ይቀበላል፣ ለማን ምን ያስረክባል። "ያስረክባል" የሚለው ቦታ ባዶ የሆነበት ትምህርት ገና ቅብብሎሹ ውስጥ አልገባም።

ደረጃ 3፦ ካርታው

ጂኦግራፊ ይጀምር። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ አንድ ወረቀት ጨምድዱ፣ ከዚያ ግማሽ ያህል ብቻ ዘርጉት። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጡት ተራራና ሸለቆ ይሆናል። ተማሪዎቹ የተራራውን ጫፍ ጫፍ ተከትለው በውሃ በሚለቅ ማርከር ያስምሩ። አሁን በመርጫ ጠርሙስ ውሃ በትንሹ እፍ አድርጉበት። ቀለሙ ከጫፉ ይነሳና በሁለት በኩል ይወርዳል። አንዷ ጠብታ ወደ ግራ፣ አጠገቧ ያለችው ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ሁለቱ ከዚያ በኋላ አይገናኙም። ያ ጫፍ የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። ይህን በቃል ስታስረዱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ በወረቀቱ ግን አምስት ደቂቃ።

ቀጥሎ የከፍታ መስመር ያለው ካርታ አምጡ። አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ መውጫውን ምልክት አድርጉ። ከዚያ በዙሪያው ያሉትን ከፍተኛ ቦታዎች ለዩ። ከመውጫው ተነስታችሁ እነዚያን ጫፎች የሚያያይዝ መስመር አስምሩ፤ መስመሩ የከፍታ መስመሮቹን በቀጤ ነክ ማቋረጥ አለበት፣ ወንዝን ደግሞ ከመውጫው በስተቀር የትም ማቋረጥ የለበትም። ልጆቹ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ሸለቆንና ሸንተረርን በማምታታት ነው። የመለያው ዘዴ እንዲህ ነው፦ የከፍታ መስመሩ ቪ ቅርጽ ሲሠራ ሹሉ ወደ ከፍታ ካመለከተ ሸለቆ ነው፣ ወደ ዝቅታ ካመለከተ ሸንተረር።

ከዚያ ካርታውን ይዛችሁ ውጡ። በእግር ያልተረጋገጠ ካርታ አታስረክቡ። መንገድ፣ የተቀበረ ቱቦና አዲስ ሕንፃ የውሃውን አቅጣጫ ሊቀይሩት ይችላሉ፣ ካርታው ደግሞ ይህን ላያውቅ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ሂሳቡ

አንድ ነገር ብቻ በደንብ ይያዝ፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ይህን ካወቀ ተማሪው የሬዲዮውን የዝናብ ዜና በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

ጣሪያችሁ 200 ካሬ ሜትር ቢሆንና 15 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3000 ሊትር ወርዷል። ሁሉም ግን አሸንዳው ላይ አይደርስም፤ የሚፈናጠቅ፣ የሚተንና የሚንጠባጠብ አለ። ለቆርቆሮ 80 በመቶ ብትይዙ 2400 ሊትር ይቀራል። ከዚያ ወደ ካርታው ተመለሱ። ካርታው ላይ ግልጽ የካሬ ወረቀት አንጥፉና ካሬዎቹን ቆጥራችሁ የተፋሰሱን ስፋት አውጡ። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 10,000 ሜትር ኩብ ነው፤ አሥር ሚሊዮን ሊትር ማለት ነው። ይህን ቁጥር ልጆቹ ራሳቸው ሲያወጡት ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን ዝምታ እወደዋለሁ።

የዝናብ መለኪያውንም ራሳቸው ይሥሩት። ግድግዳው ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱ ላይ ይቆረጥ፣ የተቆረጠው አፍ ተገልብጦ እንደ ማጥለያ ይግባ። የጠርሙሱ ታች ብዙውን ጊዜ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩበትና ቀጥ ያለው ክፍል እስከሚጀምርበት ውሃ ሙሉት፤ ዜሮው እዚያ ነው። ዛፍና ጣሪያ ከማይከልለው ቦታ አስቀምጡት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይነበብ፣ ሲነበብም ውሃው ተደፍቶ ዜሮው ላይ ይመለስ።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካለ እሱንም አትለፉት። ሥሩ ኩባያ አስቀምጡና 10 ደቂቃ ጠብቁ። 150 ሚሊ ሊትር ከተጠራቀመ በቀን 21.6 ሊትር ይሆናል። በዓመት ስንት እንደሚሆን ለልጆቹ ተዉላቸው።

ደረጃ 5፦ ፍሰቱ

ፊዚክስ ወንዙ ዳር የሚወርደው የሂሳቡን ቁጥር ለመፈተን ነው። ቀጥ ያለ 10 ሜትር ለኩና ሁለቱም ጫፍ ላይ ገመድ ወጥሩ። በከፊል ውሃ የተሞላ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከላይኛው ገመድ ትንሽ ቀደም ብሎ ይጣል። አንድ ተማሪ ሰዓት ይያዝ፣ አንዱ "አለፈ!" ብሎ ይጩህ፣ አንዱ ጠርሙሱን ታች ላይ ይያዘው። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ድገሙና አማካዩን ውሰዱ።

20 ሴኮንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሴኮንድ 0.5 ሜትር ነው። የወንዙ ወርድ 1.2 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.25 ሜትር ከሆነ፣ ውሃው የሚያልፍበት ገጽ ስፋት 0.3 ካሬ ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱንና ይህን ስፋት አባዙና በ0.85 ደግማችሁ አባዙ፤ በሴኮንድ ወደ 127 ሊትር ገደማ ታገኛላችሁ።

ለምን 0.85? ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው። ከላይ ያለው ውሃ ፈጣን ነው፣ ከታችና ከዳር ያለው ግን ከድንጋዩ ጋር እየተፋተገ ይዘገያል። ጠርሙሱ የሚነግረን የላዩን ፍጥነት ብቻ ስለሆነ ዝቅ እናደርገዋለን። ሰበቃን በእንጨት ጥርብ ብቻ ያወቀ ተማሪ እዚህ ሌላ መልኩን ያያል።

ስለ ደህንነት አሁን ልናገር፣ ምክንያቱም ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዝናብ እየዘነበ ወይም ላይኛው ተፋሰስ ላይ ሰማዩ ከጠቆረ ማንም ውሃ ውስጥ አይግባ፤ እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ ጎርፍ ከላይ ሊመጣ ይችላል። ከጉልበት በላይ ጥልቅ ወይም ፈጣን ከሆነ ከዳር ሆናችሁ ለኩ። ቢልሃርዝያ ባለበት አካባቢ ያለ ቦት ጫማና ጓንት ውሃውን አትንኩ። ሁሉም ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ደረጃ 6፦ ውሃው ውስጥ ያለው

ኬሚስትሪና ባዮሎጂ አብረው ይውጡ። ከሦስት ቦታ ናሙና ውሰዱ፤ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች። ሙቀት፣ ፒኤች (የአሲድነት ወይም የቤዝነት መጠን) እና ድፍርስነት ለመነሻ ይበቃሉ። የናይትሬት መለኪያ ወረቀት ካገኛችሁ ጨምሩ።

ሙቀትን አትናቁ። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ንጹሕ ውሃ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በሊትር 14.6 ሚሊ ግራም ያህል ሊይዝ ይችላል፣ በ20 ዲግሪ 9.1፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 7.5 ገደማ። ስለዚህ ወንዝ ዳር ያለ ዛፍ ሲቆረጥ ጥላው ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ የዓሣውም ትንፋሽ ነው። ይህች አንዲት ሐቅ ሦስቱን ሳይንሶች ታገናኛለች።

ድፍርስነትን ለመለካት ከረጅም ግልጽ ቱቦ ሥር ጥቁርና ነጭ ክብ ምልክት ለጥፉ። ውሃውን ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ ከላይ ተመልከቱ፤ ምልክቱ ከዓይን የጠፋበትን ከፍታ በሴንቲ ሜትር መዝግቡ። ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አንጄሎ ሴኪ በ1865 እ.ኤ.አ. የባሕርን ጥራት የለካው በገመድ የሚወርድ ክብ ሰሌዳ ይዞ ነበር። ሐሳቡ ያው ነው።

ድፍርሱ ከየት እንደመጣ ደግሞ ክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። ሦስት የፕላስቲክ ጠርሙስ በቁመታቸው ቅደዱና ዘንበል አድርጋችሁ አስተኙ። አንዱ ውስጥ ባዶ አፈር፣ አንዱ ውስጥ አፈር ላይ የተነሰነሰ ደረቅ ቅጠል፣ አንዱ ውስጥ ከነሥሩ የተነሳ ሣር። በእያንዳንዱ ላይ እኩል ውሃ አፍስሱና የሚወጣውን በብርጭቆ ተቀበሉ። ከባዶው አፈር የሚወጣው ቶሎ ይመጣል፣ ጭቃ ነው። ከሣሩ የሚወጣው ዘግይቶ፣ ጥቂትና ጠርቶ ይመጣል። ሦስቱን ብርጭቆዎች መስኮት ላይ ደርድራችሁ እስከሚቀጥለው ሳምንት ተዉአቸው።

የባዮሎጂው ክፍል ግን ለእኔ የሁሉም ልብ ነው። ወንዙ ውስጥ ያለ ድንጋይ አንሱና ገልብጡ። መጀመሪያ ምንም የለም ትላላችሁ። ትንሽ ስትጠብቁ ድንጋዩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ጠፍጣፋ፣ ሦስት ጭራ ያላት፣ ሆዷ ዳር ላይ የሚርገበገብ ስንጥብ ያላት ፍጡር ካያችሁ ሜይፍላይ የምትባል በራሪ ነፍሳት እጭ ናት። ሁለት ጭራ ያላት ስቶንፍላይ ልትሆን ትችላለች። ከአሸዋና ከእንጨት ስባሪ ቤት ሠርቶ የተሸከመው ደግሞ ካዲስፍላይ ነው። እነዚህ ሦስቱ በጥቅሉ ብክለት አይችሉም፤ በዓይነትና በብዛት ካሉ ወንዙ ጥሩ ኑሮ ላይ ነው። ቀይ ትል የመሰለ እጭ ብቻ ከሞላ ግን ኦክስጅን እንዳነሰ ጠርጥሩ። ቀይነቱ የሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ለመኖር የሚረዳው እሱ ነው።

እጮችን የመቁጠር ጥቅሙ ይህ ነው። ትላንት ማታ የተለቀቀ ፍሳሽ አልፎ ሄዶ ከሆነ፣ ዛሬ ጠዋት የቀዳችሁት ናሙና ላይታይበት ይችላል። እጯ ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እዚያው ኖራለች፤ ያለፈው ሁሉ አልፎባታል። ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ድንጋዩንም እጮቹንም ወደነበሩበት መልሱ።

አንድ ማሳሰቢያ። ልጆቹ "ጥሩ ውሃ ነው" ብለው ሲደመድሙ "ለመጠጥ ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። የጠራ ውሃ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በዓይንም በፒኤች ወረቀትም አይታይም።

ደረጃ 7፦ ታሪክና ሲቪክስ

ከላይ ያለው ማሳሰቢያ በቀጥታ ወደ ታሪክ ይወስዳችኋል። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ሶሆ ውስጥ ኮሌራ ገባ፣ ከ600 በላይ ሰው ሞተ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሟቾቹን ቤት በካርታ ላይ አስቀመጠ፤ ብሮድ ስትሪት ባለች አንዲት የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተሰብስበው አገኛቸው። ይበልጥ የሚደንቁት ግን ከዚህ አጠቃላይ መልክ ውጭ የሆኑት ናቸው። ፓምፑ አጠገብ ያለ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ከፓምፑ አይጠጡም ነበር፣ በኮሌራ አልሞቱም። ሩቅ ሰፈር የምትኖር አንዲት ሴት ግን የዚያ ፓምፕ ውሃ ስለሚጥማት እያስመጣች ትጠጣ ነበር፤ እሷ ሞተች። የፓምፑ እጀታ ሲነቀል ወረርሽኙ ቀድሞም መቀነስ ጀምሮ ነበር። ይህንንም አትደብቁ፤ ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን የሚማሩት እዚህ ነው። ከዚያ ልጆቹ በራሳቸው ካርታ ላይ የቆሻሻ መጣያዎችንና የውሃ መቅጃዎችን ምልክት ያድርጉ።

ለሲቪክስ በሕንፃ መወጣጫ ደረጃ ላይ የሚሠራ ጨዋታ አለ። አምስት ቡድን ከላይ እስከ ታች ባለው ደረጃ ላይ ይቁም። 10 ሊትር ውሃ ያለው ባልዲ ከላይ ይነሳል። እያንዳንዱ ቡድን 3 ሊትር ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ዙር ማውራት ክልክል ነው። ሦስቱ የላይኞቹ ዘጠኙን ይወስዳሉ፣ አራተኛው 1 ሊትር ያገኛል፣ አምስተኛው ባዶ ባልዲ ይቀበላል። በሁለተኛው ዙር ይነጋገሩ። በሦስተኛው ዙር እያንዳንዱ ከወሰደው ግማሹን ቀለም ጨምሮበት ይመልስ። አሁን ክርክሩ ስለ መጠን ብቻ አይሆንም፣ ስለ ጥራትም ነው። ሁልጊዜ ቡድኖቹን አዘዋውሩ፤ አንድ ጊዜ ታች የቆመ ልጅ ላይ ሲወጣ አነጋገሩ ይለወጣል።

ከጨዋታው በኋላ እውነተኛውን ዓለም አምጡ። የዳኑብ ተፋሰስ 19 አገሮችን፣ የዓባይ ተፋሰስ 11 አገሮችን ይነካል። ሕንድና ፓኪስታን የኢንደስ ወንዝን ውሃ የሚጋሩበትን ስምምነት በ1960 ፈርመው በ1965 እና በ1971 ተዋግተዋል፣ ስምምነቱ ግን ቆየ፤ በ2025 ሕንድ ማገዷን አሳወቀች። በ1997 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የዓለም አቀፍ ወንዞች ስምምነት ሁለት ሐሳቦችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፦ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም፣ እንዲሁም ጉልህ ጉዳት አለማድረስ። ልጆቹ ደረጃው ላይ የደረሱበትን ስምምነት ከእነዚህ ሁለት ሐሳቦች ጋር ያወዳድሩ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 8፦ ቋንቋው

ለቋንቋ መምህራን ብዙ አልናገርም፣ እነሱ ያውቁታል። አንድ ሐሳብ ብቻ። ውሃ ያለባቸውን አባባሎች ሰብስቡና ከወንዙ ጋር አስተያዩ። "እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ" የሚለውን ከፍሰት ልኬቱ በኋላ አንብቡት፤ ላዩ ዝግ ያለ የሚመስል ውሃ ምን ያህል ኃይል እንዳለው አሁን ያውቃሉ። "ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ"፣ "ውሃ የማያነሳ ምክንያት"፣ "ውሃ ልክ"። እያንዳንዳቸው ከአንድ የተለካ ነገር ጋር ይገናኛሉ።

ሌላው ቃለ መጠይቅ ነው። ተማሪዎቹ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ይጠይቁ። "ድሮ ምንጩ የት ነበር? ወንዙ በበጋ ይደርቅ ነበር? መሻገሪያው የት ነበር?" መልሶቹ ካርታው ላይ በሌላ ቀለም ይጻፉ።

ደረጃ 9፦ ውጤቱን ለሰው አሳዩ

መጋቢት 13 የዓለም የውሃ ቀን ነው፤ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይከበራል። ለመጀመር አትጠቀሙበት፣ ለማቅረብ ግን ጥሩ ነው። ካርታው፣ ቁጥሮቹ፣ ብርጭቆዎቹና ቃለ መጠይቆቹ አንድ ላይ ይቀመጡ። ወላጆችንና ከታችኛው ተፋሰስ የሚኖሩ ሰዎችን ጥሩ።

አንድ ትንሽ ሥራም ምረጡ። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ማስጠገን፣ ቦረቦሩ አፍ ላይ ድንጋይ ደርድሮ ሣር መትከል፣ አሸንዳው ሥር በርሜል ማስቀመጥ። የትኛው ይበልጥ እንደሚጠቅም ልጆቹ በራሳቸው ቁጥር ይከራከሩ። "ችግኝ እንትከል" ብሎ ቶሎ የሚወስን ክፍል ካለ፣ የት እና ለምን ብላችሁ ወደ ካርታው መልሱት።

ለምዘናው በመጀመሪያው ቀን ያስቀመጣችሁትን ወረቀት መልሱላቸው። አጠገቡ አዲስ ባዶ ወረቀት ስጡ። ያው ጥያቄ፣ የጣሪያው ዝናብ የት ይሄዳል? ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነቱን በአንድ ገጽ የሚያስረዳ ተማሪ ለሁሉም መምህራን የሚያገለግል ፈተና ተፈትኗል።

የቀረው መዝገቡ ነው። ሁሉንም ልኬት በአንድ ደብተር ላይ፣ ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከለካው ቡድን ጋር ጻፉ። ገመዱ የተወጠረበትን ቦታ በማይነቃነቅ ነገር ለዩት፤ "ከድልድዩ 12 እርምጃ ወደ ላይ፣ ትልቁ ጥቁር ድንጋይ ጋ" እንደማለት። ደብተሩን ለሚቀጥለው ዓመት ክፍል አስረክቡ። እነሱም ከዚያው ድንጋይ ይጀምሩ።